የነፋሱ ተርባይንና የከሰሉ ጆንያ

በአዳማ (ናዝሬት) ለምንኖር ሁሉ ሁለት ነገሮች ከዓይናችን አይርቁም። አንደኛው ከከተማዋ በላይ ባሉት ኮረብታዎች ላይ ተሰልፈው ክንፋቸውን የሚያዞሩት ነጫጭ የነፋስ ተርባይኖች ናቸው። ሁለተኛው በየሱቁ ደጃፍና በየመንገዱ ዳር አፋቸው በቅጠል ተወትፎ የቆሙት የከሰል ጆንያዎች ናቸው። ተርባይኑን ለመጣ እንግዳ ሁሉ እናሳያለን። ጆንያውን ግን ስለለመድነው አናየውም።

ታዲያ ይህን ያህል ንፁሕ ኃይል በሚመረትበት ከተማ ከሰሉ ለምን አልቀነሰም? በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የፈለግነው ጥያቄ ይኸው ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ስለ አየር ንብረት፣ ስለ ኃይልና ስለ ብክለት በመማሪያ መጻሕፍት ያነበብነውን ሁሉ የሚፈትን ሆኖ አግኝተነዋል።

በመጀመሪያ በዙሪያችን ያለውን የኃይል ምንጭ እንቁጠር። ከከተማችን በስተደቡብ በአዋሽ ወንዝ ላይ ያለው የቆቃ ግድብ ኢጣሊያ በከፈለችው የጦርነት ካሣ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ኃይሉ 43 ሜጋዋት ያህል ነው። ከእርሱ በታች አዋሽ 2ኛና አዋሽ 3ኛ የተባሉት ጣቢያዎች እያንዳንዳቸው 32 ሜጋዋት እንዲያመነጩ ተሠሩ። በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል ባለው በአሉቶ ተራራ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ስምንት ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በከርሰ ምድር እንፋሎት የሚሠራ 7 ሜጋዋት ገደማ የሆነ የሙከራ ጣቢያ ተተከለ። ጣቢያው ብዙም ሳይቆይ በጉድጓድና በመሣሪያ ብልሽት ተሰናከለ። ከእኛው ስምጥ ሸለቆ በስተደቡብ ያለችው ኬንያ ግን እ.ኤ.አ. በ1981 ጀምራ፣ ጉድጓድ መቆፈሩን ሳታቋርጥ ዛሬ ከ800 ሜጋዋት በላይ ከምድር እንፋሎት ታገኛለች። እሳተ ገሞራው የሁለታችንም ነው፤ ልዩነቱ ሥራውን ባለማቋረጥ ላይ ነው።

ነፋሱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አዳማ አንድ የተባለው ጣቢያ በ2004 ዓ.ም. 34 ተርባይኖች ይዞ ተጠናቀቀ። አዳማ ሁለት በ2007 ዓ.ም. 102 ተርባይኖች ይዞ ተመረቀ። የሁለቱም ተርባይኖች እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋዋት ናቸው። ስለዚህ 51 እና 153 ሲደመር 204 ሜጋዋት ይሆናል። ነፋሱን ከውኃው ጋር ማጣመሩ ብልህነት እንዳለበት መምህራችን በክፍል ሲያስረዱን ገርሞን ነበር። በበጋ ወንዞች ሲጎድሉና ግድቦች ሲቀንሱ ነፋሱ ይበረታል፤ በክረምት ነፋሱ ሲደክም ውኃው ይሞላል። አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይሠራል ማለት ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለው የሚያኮራ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ስለ ሙቀት አማቂ ጋዝ ስናሰላ ነው።

አገራችን በ2004 ዓ.ም. ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ አውጥታ በደርባን በተደረገው የዓለም ጉባኤ ላይ አስተዋውቃለች። በስትራቴጂው ስሌት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2010 የኢትዮጵያ ጠቅላላ ልቀት በካርቦን ዳይኦክሳይድ ተመዝኖ 150 ሚሊዮን ቶን ያህል ነበር። ለአንድ ሰው ሲካፈል ከ2 ቶን ያነሰ ነው። በነበረው አካሄድ ከቀጠልን ግን እ.ኤ.አ. በ2030 ወደ 400 ሚሊዮን ቶን ይደርሳል፤ ስለዚህ ኢኮኖሚው እያደገ ልቀቱ በዚያው በ150 እንዲቆይ ይደረግ የሚል ነው ሐሳቡ። በ2013 ዓ.ም. አገሪቱ ለተባበሩት መንግሥታት ያቀረበችው የተሻሻለ ዕቅድም እ.ኤ.አ. በ2030 ይደርሳል ተብሎ ከሚገመተው ልቀት 68.8 በመቶውን የመቀነስ ግብ ይዟል። ከዚህ ውስጥ ብዙው በውጭ ድጋፍ ላይ የተመሠረተ ነው።

ይህ 150 ሚሊዮን ቶን ከየት የመጣ ነው? እኛ ሁላችንም ሳናነብ የገመትነው «ከመኪና፣ ከፋብሪካና ከኤሌክትሪክ» ብለን ነበር። ተሳስተናል። ግማሹ፣ ማለትም 50 በመቶው፣ ከእርሻና ከከብት እርባታ ነው። 37 በመቶው ከደን ጥፋት ነው። ኤሌክትሪክ፣ መጓጓዣ፣ ኢንዱስትሪና ሕንፃዎች ግን እያንዳንዳቸው 3 በመቶ ያህል ብቻ ናቸው። ምክንያቱም ኤሌክትሪካችን ያኔም ቢሆን ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውኃ የሚገኝ ነበር።

ስትራቴጂው የደኑን ጥፋት መልሶ ሲተነትነው ደግሞ ግማሹ ለእርሻ መሬት ተብሎ የሚመነጠር ሲሆን፣ 46 በመቶው የማገዶ ውጤት ነው ይላል። እስኪ እንሥራው፦ ከ37ቱ 46 በመቶ ማለት 17 ይሆናል። እንግዲህ ከአገሪቱ ጠቅላላ ልቀት ውስጥ ኤሌክትሪክ 3 በመቶ፣ ማገዶ ግን 17 በመቶ ድርሻ አላቸው ማለት ነው። ተርባይኑ ቀድሞውንም ንፁሕ የነበረውን ኤሌክትሪክ ያበዛልናል። በማድ ቤት ያለውን ማገዶ እስካልተካ ድረስ ግን ትልቁን ቁጥር አይነካውም። ቁጥሩን ስንጨርስ እርስ በርሳችን ተያየን፤ በመንገድ ዳር ያለው ጆንያ ከኮረብታው ይልቅ ለስሌቱ ከባድ ሆኖ ተገኘ።

ከሰል ስንል ብዙ ሰው ከእንጨት የተሻለ፣ ጭስ የሌለው ነገር አድርጎ ያየዋል። ለሚጠቀመው ሰው ዓይን ይሻል ይሆናል። ለዛፉ ግን አይሻልም። አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት እንደ እንጨቱ ድርቀትና እንደ አክሳዩ ችሎታ ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት በአፈር ሥር ይታፈናል። ሰባት ኪሎ እንበል። አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት 16 ሜጋጁል ገደማ ሙቀት አለው፤ ሰባቱ 112 ይሆናል። ከእርሱ የሚወጣው አንድ ኪሎ ከሰል ያለው 30 ሜጋጁል ገደማ ነው። ከመቶ 73ቱ ጆንያው ውስጥ ሳይገባ ጫካ ውስጥ ቀረ ማለት ነው። የቀረውንም ቢሆን ተራው የቆርቆሮ ምድጃ ሩብ ያህሉን ለድስቱ ቢያደርስ ነው። በመጨረሻ ግራሩ ከነበረው ሙቀት ለወጡ የሚደርሰው ከመቶ 7 እጅ ገደማ ሆነ! ይህን ስሌት ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ተማሪ በሰሌዳ ላይ መሥራት ይቻላል። ከመቶኛ በቀር ምንም አይጠይቅም።

ይህ ግራር የሚቆረጠው ከሩቅ አይደለም። ከመተሐራ አንሥቶ በመቂ፣ በባቱ (ዝዋይ)፣ በቡልቡላና በአርሲ ነገሌ በኩል እስከ ሻሸመኔ የሚዘልቀው የስምጥ ሸለቆ ወለል የግራር አገር ነበር። የአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ራሱ በከሰልና በእርሻ ምክንያት አብዛኛውን ዛፉን አጥቷል። ዛፉ ሲያልቅ አፈሩን የሚይዘው ነገር የለም። በላይኛው አዋሽ ተፋሰስ የተራቆተው መሬት በጎርፍ ታጥቦ ወደ ቆቃ ይገባል። ግድቡ ሲሠራ መያዝ ይችል ከነበረው ውኃ ከሩብ የማያንሰውን ቦታ ደለል ይዞታል። እዚህ ላይ ነገሩ ዞሮ ይገጥማል፤ መሬቱን ያራቆተው እጅ ኤሌክትሪኩንም እየቀነሰው ነው።

ወደ ማድ ቤት እንመለስ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 4 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። የሁለቱ የነፋስ ጣቢያዎች 204 ሜጋዋት ማለት 204 ሺህ ኪሎዋት ነው። ለ4 ሲካፈል ነፋሱ በሙሉ ኃይሉ ሲነፍስ በአንድ ጊዜ 51 ሺህ ምጣድ ያግላል። ነፋስ ግን ሁልጊዜ በሙሉ ኃይሉ አይነፍስም፤ በአማካይ ሲሶ ያህሉን ብንወስድ 17 ሺህ ምጣድ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የአዳማ ነዋሪ 220,212 ነበር። አምስት ሰው ለአንድ ቤት ብንይዝ 44 ሺህ ቤተሰብ ይሆናል። ዛሬ ከተማዋ ከዚያ በጣም ሰፍታለች። ይሁንና እንጀራ በየቀኑ በሁሉም ቤት በአንድ ሰዓት አይጋገርም። ኤሌክትሪኩ ወደ አገር አቀፉ መስመር የሚገባ እንጂ ለአዳማ ብቻ የተሰጠ እንዳልሆነም እናውቃለን። ቢሆንም ስሌቱ አንድ ነገር ይነግረናል፤ ችግሩ የኃይል ማነስ ብቻ አይደለም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የተሠራው የሕዳሴ ግድብ ከተመረቀ በኋላ ደግሞ ይህ ይበልጥ ግልጽ ሆኗል።

ታዲያ ምንድን ነው? መልሱን ለማግኘት መጽሐፍ ማገላበጥ አላስፈለገንም፤ የብዙዎቻችን የኪራይ ቤት ራሱ ይናገራል። በአንድ ግቢ ስድስትና ሰባት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማል። ቤት ስንከራይ የመጀመሪያው ውል «ምጣድም ሆነ ምድጃ አይሰካም» የሚል ነው። አምፖልና ስልክ መሙያ ብቻ! አከራዮቹም ክፋት ኖሯቸው አይደለም። የግቢው ሽቦ ቀጭን ነው፣ ቆጣሪው አንድ ነው፣ ሂሳቡ ሲመጣ ጠብ ይነሣል። በመንደሩ ያለው ትራንስፎርመርም በበዓል ዋዜማ ሁሉም ሲሰካ አይችልም። ምጣዱን መግዣው ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚወጣ ገንዘብ ነው። ከሰል ግን በጣሳም፣ በትንሽ ፌስታልም ይገዛል።

በሰፈራችን ከሰል የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። ስለዚህ ጽሑፍ ስንነግራቸው ሳቁብንና፣ «ልጆቼ፣ መብራት ሲጠፋ ማን ጋ ነው የምትሮጡት? እኔ ጋ አይደለም እንዴ?» አሉን። መልስ አልነበረንም። እኚህ እናት ከዚህ ንግድ ልጆች አሳድገዋል። ከሰልን በአዋጅ መከልከል ቀላል ነው የሚሉ ሰዎች እርሳቸውን አስበው አያውቁም ብለን እንገምታለን።

በዚያው በ2004 ዓ.ም. በወጣው ስትራቴጂ ቅድሚያ ከተሰጣቸው አራት ሥራዎች አንዱ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ማስፋፋት ነው፤ ከውኃ ኃይል፣ ከከብት እርባታ መሻሻልና ከደን ጥበቃ ጎን ተጽፏል። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ስለ ግድብና ስለ ተርባይን በሬዲዮ ይነገራል፤ ስለ ምድጃ ማን ያወራል? «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚደርስ እንጨት ይቆጥባል። «ላቀች» የተባለው የከሰል ምድጃ ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ከሰል ያድናል። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል። ለወጡ እውነት ይሆናል፤ ለዓይንና ለሳንባ ግን ጉልቻው ቢለወጥ ብዙ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ገምቷል። አብዛኛውን ጭስ የሚጠጡት እናቶች፣ በጀርባ የታዘሉ ሕፃናትና ከትምህርት ቤት መልስ እሳት የሚያነዱ ልጃገረዶች ናቸው። ነገ በክፍላችን ውስጥ ዓይኗን እያሸች የምትቀመጠው ተማሪ ከእነዚህ አንዷ ናት።

ስለ መኪና ጥቂት እንበል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚሄደው ባቡርም ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ በኤሌክትሪክ ሆኗል። የነዳጅ ምንዛሪን ለማዳንና ለከተማ አየር ጥሩ ነው። ነገር ግን መጓጓዣ ከልቀቱ 3 በመቶ እንደነበረ አይዘንጋ። (የአዳማ ጋሪ ደግሞ ከመጀመሪያው ነዳጅ አልጠጣም፤ ይህ ሳይመሰገን ቀረ።)

እስካሁን ስለ ጭስ ተናገርን። ብክለት ግን ጭስ ብቻ አይደለም። ከእኛ በስተምዕራብ የምትገኘው ሞጆ የቆዳ ፋብሪካዎች ከተማ ናት። ቆዳ ሲለፋ ጨው፣ ኖራ፣ ሰልፋይድና ክሮሚየም ጥቅም ላይ ይውላሉ። ያልተጣራ እጣቢ ወደ ወንዝ ሲለቀቅ ወደ ሞጆ ወንዝ፣ ከዚያም ወደ ቆቃ ሐይቅ ይገባል። በሐይቁ ዳርቻ ያሉ ገበሬዎች በውኃው ሽንኩርትና ቲማቲም ያጠጣሉ፤ ቲማቲሙ ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ሁላችንም ድስት ይመጣል።

እዚህ ላይ ለአስተማሪ የሚያስፈልግ ጥንቃቄ አለ። ሁሉንም ነገር በፋብሪካ ላይ መለጠፍ ሳይንስ አይደለም። በቆቃ ላይ ውኃው አረንጓዴ የሚሆነው በአልጌ ነው። አልጌውን የሚመግቡት ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ከማሳ ማዳበሪያ፣ ከከተማ ፍሳሽና ከፋብሪካም ይመጣሉ። ክሮሚየም አልጌ አያበቅልም። በሐይቁ ላይ የሚንሳፈፈው እምቦጭም ከውጭ የመጣ አረም ሲሆን ይህንኑ ምግብ ይበላል። በወንጂና በሌሎች የስምጥ ሸለቆ ቦታዎች የልጆችን ጥርስ የሚያበልዘው ፍሎራይድ ደግሞ የማንም ፋብሪካ ጥፋት አይደለም፤ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ወደ ጉድጓድ ውኃ የሚገባ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በአካባቢያችን ከዚህ የሚበልጡ ጉድጓዶች ብዙ ናቸው። ተማሪው ይህን ለይቶ ካላወቀ የሚከሰሰውንና የማይከሰሰውን ይቀላቅላል።

ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ በመካከላችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንዳንዶቻችን፣ «ድሃ አገር መጀመሪያ ፋብሪካ ይኑረው፣ ሥራ ይፈጠር፣ ጽዳቱ በኋላ ይመጣል፤ አውሮፓውያንስ እንዲሁ አልነበር ያደረጉት?» አሉ። ለካርቦን ጋዝ ይህ ክርክር የተወሰነ እውነት አለው። አፍሪካ በሙሉ ከዓለም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት 4 በመቶ ያህል እንኳ አታወጣም፤ የበደለው ሌላ፣ ድርቁ የሚደርሰው እኛ ዘንድ ነው። ለወንዝ ሲሆን ግን ክርክሩ ይወድቃል። ምክንያቱም ከፋብሪካው ደመወዝ የሚበላውና ከወንዙ በታች ውኃ የሚቀዳው አንድ ሰው አይደለም። ለማጣሪያ ያልወጣው ገንዘብ አልተቆጠበም፤ ሳይጠየቁ በታች ያሉት ከፍለውታል። ሁለት ሦስት ፋብሪካ ተባብሮ የጋራ ማጣሪያ ቢሠራ ወጪው ለእያንዳንዱ ይቀንሳል። ስለዚህ መፍትሔው ፋብሪካ መዝጋት ነው ማለታችን አይደለም።

ሕጉስ ምን ይላል? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንፁሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ መኖር የሁሉም ሰው መብት መሆኑን ይደነግጋል። በ1989 ዓ.ም. የጸደቀው የአካባቢ ፖሊሲ የበከለ ይክፈል የሚለውን መርሕ ይዟል። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 እና የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ወጡ። በአዋጅ 300 አንቀጽ 11 ላይ ማንም ሰው፣ ጉዳቱ በራሱ ላይ መድረሱን ማሳየት ሳይጠበቅበት፣ አካባቢን በሚጎዳ ሰው ላይ ለሚመለከተው የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችል ተደንግጓል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልረካ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ይህን ስናነብ ደንግጠናል ብንል ማጋነን አይሆንም። «ማንም ሰው» ሲል የገጠር አስተማሪም ውስጡ አለበት። በወንዝ ዳር ባለ ትምህርት ቤት የተመደበ መምህር ውኃው ቀለሙ የተለወጠበትን ቀን፣ ሽታውን፣ ከብት የሞተበትን ቦታ በደብተር እየመዘገበ ቢያስቀምጥ፣ ያ ደብተር አንድ ቀን ማስረጃ ይሆናል። ሕጉ ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የጎደለው ቀንና ሰዓት ጽፎ የያዘ ሰው ነው።

ከዚህ ሁሉ ለክፍል የሚሆነውን አንድ ሥራ መርጠናል። ምንም ውድ መሣሪያ አይፈልግም። ሁለት የከሰል ምድጃ፣ አንድ የቆርቆሮና አንድ ላቀች፣ ይዘጋጃል። ለእያንዳንዳቸው ከአንድ ጆንያ የተወሰደ ግማሽ ኪሎ ከሰል ተመዝኖ ይሰጣል። በሁለት እኩል ድስት ሁለት ሁለት ሊትር ውኃ ተጥዶ ይከደናል። ውኃው እስኪፈላ የፈጀው ደቂቃ ይመዘገባል። ከዚያም እሳቱ በአመድ ታፍኖ ሲበርድ የተረፈው ከሰል ተለቅሞ እንደገና ይመዘናል። ልዩነቱ በሰሌዳ ላይ ይሠራል፤ በሳምንት፣ በወርና በዓመት ተባዝቶ ወደ እንጨት ይለወጣል። ሥራው የግድ ደጅ መሆን አለበት፤ ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ሽታ የሌለው ጋዝ አውጥቶ ሰው ይገድላል። ይህንንም ለተማሪዎች ከሥራው በፊት መንገር ያስፈልጋል።

እኛ ይህንን ለማስተማር ልምምድ ከመውጣታችን በፊት ራሳችን ልንሞክረው ነው። ሚዛኑን ከቤተ ሙከራ ለመዋስ ጠይቀናል። ከሰሉን ከእኚያው እናት እንገዛለን፤ እርሳቸውም መጥተው ሊያዩን ቃል ገብተዋል። ሁለቱ ምድጃዎች ተገኝተዋል፤ እኩል የሆነ ሁለተኛ ድስት ግን የለንም። ክዳን ያለው ባለ ሦስት ሊትር ድስት ያለው ሠልጣኝ እስከ ዓርብ ድረስ ቢያውሰን አጥበን እንመልሳለን። ውጤቱን በሚቀጥለው እትም በዚሁ ሰሌዳ ላይ እንለጥፋለን።